ሐምዲያ የሠራችው ጨዋታ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ አመለወርቅ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎ ወይ? የጋሼ ዘነበስ ሳል ለቀቃቸው? የአሰላ ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቢያከስለኝም አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ነው ደህና ያልሆነው።

እትዬ፣ በጥር የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ውሸት ነበረበት። ደብረ ሲና በተደረገው የመምህራን ኤግዚቢሽን አንደኛ የወጣውን ጨዋታ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ያንን ደብዳቤ ለጎረቤት ሁሉ እንዳነበቡላቸው ጽፈውልኝ ነበር፤ እባክዎ ይህንንም ያንብቡላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ኮርስ ስወስድ ኮምፒዩተር የሚባለውን መሣሪያ አየሁ። እኛ ትምህርት ቤት መሣሪያው የለም። ቢሆንም ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ ፕሮግራም ማለት ለመሣሪያው ደረጃ በደረጃ የሚጻፍ ትእዛዝ መሆኑን በወረቀት አስተማርኳቸው። አንዱ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ሌላው እንደ መሣሪያው ሆኖ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል። “ሂድ” ብሎ “ቁም” ማለት የረሳ ተማሪ ጓደኛውን ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። በኋላ የየራሳችሁን ጨዋታ ሥሩ አልኳቸው።

ሐምዲያ የምትባል ተማሪ፣ የሽንኩርት ነጋዴው የጋሼ ሳልህ ልጅ፣ ከሮቢት እስከ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣ የጭነት መኪና ጨዋታ ሠራች። መንገዱን በካርቶን ላይ ሣለች። ዕጣ እየወጣ መኪናው ይሄዳል፤ ሞተሩ ከጋለ ውሃ ወዳለበት ይመለሳል፤ ወንዙ ከሞላ ይቆማል። መጀመሪያ ጨዋታው አላልቅ ብሏት ነበር፤ መኪናው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ይመላለሳል። ሳምንት ሙሉ ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆይታ ስሕተቱን ራሷ አገኘችው። እኔ ያደረግሁት በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ብቻ ነው። ለኤግዚቢሽኑ ውድድር በሞላሁት ቅጽ ላይ ግን “አዘጋጅ” በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ። ውድድሩ የመምህራን ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

የምስክር ወረቀቴ በጠዋት ሰልፍ ላይ በተነበበ ማግስት ጋሼ ሳልህ ልጃቸውን ይዘው መምህራን ክፍል መጡ። “መምህር፣ የእርስዎን ሥራ የእኔ ነው እያለች አስቸገረችን። ውሸት አላስተማርኳትም፤ ይቅርታ ትጠይቅዎ” አሉ። ሐምዲያ ቀና ብላ አየችኝ። እንድናገር እየጠበቀች ነበር። ባልደረቦቼ አጠገቤ ተቀምጠዋል። “ልጅ ናት፣ ምንም አይደል” አልኩ። “ይቅርታ መምህር” ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረች።

እትዬ፣ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ ለዚህ አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ጋሼ ሳልህ “ሱብሃነላህ” አሉ። ከዚያ፣ “ልጄን ውሸታም ብዬ የመታኋት እርስዎን አምኜ ነው” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐምዲያን ይቅርታ ብላት፣ “በሰልፍ ላይ ነው የተነበበው፤ በሰልፍ ላይ ይናገሩ” አለችኝ።

በማግስቱ በተማሪው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። የምስክር ወረቀቱን መለስኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የዘንድሮው የክረምት ኮርስም ቀረብኝ። ይህ ሁሉ የሚገባኝ ነው። በእሷ ስም ይመዝገብ ብዬ ባመለክት ግን፣ ተማሪ አይወዳደርም ተብሎ አንደኝነቱ ለሌላ መምህር ተሰጠ። የሷን ድካም እኔ ነኝ ያስቀረሁባት።

አሁን ተመልሳ እየተማረች ነው። ባለፈው ሰኞ አዲስ ጨዋታ ለጓደኞቿ ስታስረዳ በመስኮት አየኋት። ስገባ ካርቶኑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሳዪኝ ለማለት አልደፈርኩም፤ ጠመኔዬን አንሥቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ለጋሼ ዘነበ እጅ እነሣለሁ። ልጅዎን ይልማን ይሳሙልኝ፤ አጎቴ መምህር ነው እያለ ለጓደኞቹ እንደሚኮራ ነግረውኛል፤ ይህን ደብዳቤ እሱም ይስማ። ለእማማ መሪያምና ለግቢው ሰው ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ቢቆጡኝም እንኳ መልስ አይንፈጉኝ።

ያሳፈርኩዎ ወንድምዎ
አለባቸው

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.