በኡስታ ጀምበሬ ፊት ዝም ስለሚለው ፍሪሲዮን

አል-ሳሃፋ፣ ካርቱም
ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባለው ጋራዣቸው ለታወቁት፣ የመረዳጃ ማኅበራችን የተሽከርካሪ ጉዳይ ኃላፊ ለሆኑትና በዚህ አገር ለባለሙያ በሚሰጠው ማዕረግ ሁላችንም «ኡስታ» ለምንላቸው ለክቡር ኡስታ ጀምበሬ፤

ጉዳዩ፦ እርስዎ ባሉበት ብቻ ስለሚጠፋ ድምፅ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የጋራዥዎን፣ በተለይም ደግሞ ከመኪና ሁሉ ሚስጥር የሚያወጣውን የቀኝ ጆሮዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጆሮዬም ደኅና ነው። ይህን ለይቼ የምጠቅሰው ባለፈው ዓርብ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሰጡትን ሙያዊ አስተያየት የሰማ ሰው ሁሉ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን እየጮኸ ማቅረብ ስለጀመረ ነው።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በካርቱም ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርሁ ሾፌር ነኝ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ክሬም ቀለም ያላት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና አለችኝ፤ በእርስዋም የማኅበራችንን አርባ ሦስት ሙሽሮች ቤተ ክርስቲያን አድርሻለሁ። ከመስከረም ወዲህ ግን ማርሽ ሲቀየር ከሚረገጠው ከፍሪሲዮኑ አካባቢ አንድ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ቅባት እንዳጣ የአህያ ጋሪ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሲሄድ ከነጭራሹ ያልነበረ ይመስላል። ስድስት ጊዜ ጋራዥዎ ድረስ አመጣኋት፤ ስድስት ጊዜም ዝም አለች። በመጨረሻም መኪናዋ ጤነኛ፣ እኔ ግን የሌለ ድምፅ የምሰማ ሰው መሆኔን ለስብሰባው አስረዱ፤ እንዲህ ያለ ሾፌርም ሙሽራ ማመላለስ እንደሌለበት ተወሰነ። በዚህ ውሳኔ መሠረት በሌላ ሰው መኪና የምትሄደው የመጀመሪያዋ ሙሽራ፣ ጥር 15 የምትዳረው የገዛ ልጄ ኤደን ናት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም ቢፈቅዱልኝ ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በመጀመሪያው ቀን ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ መኪናዋ ውስጥም ሳይገቡ፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው በመስኮቱ በኩል ቆመው ዓይንዎን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «ማፊ ሙሽኪላ» በማለት ችግር እንደሌለ አበሰሩኝ፤ የበሮቹን ማጠፊያም ግሪስ እንድቀባ አዘዙ። አራቱንም ቀባሁ። አሁን በሮቼ ድምፅ የሚባል ስለሌላቸው ተሳፋሪ መዝጋቱን ለማረጋገጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይዘጋቸዋል። አመሰግናለሁ።

2ኛ. በሁለተኛው ጉብኝቴ ጥፋቱን በአቧራው ማዕበል ላይ ጣሉት፤ ማዕበሉም መልስ አልሰጠም። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ የምሰማው የሬዲዮኑን ጩኸት መሆኑን ነገሩኝና ሬዲዮኑን አስነቀልሁ። ከዚያ ወዲህ የፍሪሲዮኑን ድምፅ ምንም ሳይረብሸኝ ጥርት አድርጌ ስለምሰማው የዘላለም ባለውለታዬ ነዎት።

3ኛ. በስድስተኛው ጉብኝት ምርመራውን ከመኪናዋ ወደ እኔ ስላዛወሩት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ከሚገኝ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጆሮዬን አሳጠብሁ። ሐኪሙ ጤነኛ ነህ ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ባቀርብልዎ ሐኪሙ መካኒክ አለመሆኑን አስገነዘቡኝ። እውነት ነው። እርስዎም ሐኪም አለመሆንዎን ግን እስከ ዛሬ ያስገነዘበዎ ሰው ያለ አይመስለኝም።

4ኛ. ይህ ቁጥር ስለሚረዝም ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ካርቱም ሁለት በሰው ቤት የምትሠራውን የወሎዋን ልጅ ናስራን አክስቷ ዘንድ ሐጅ ዩሱፍ ላደርሳት ከኋላ አሳፍሬ ስሄድ፣ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ መግቢያ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን አሳረፍሁ፤ ድምፁም የለመደውን ጩኸት ጀመረ። በዚህ መሐል አንድ የማውቃቸው አዛውንት በእግራቸው ሲያልፉ በመስኮት ሰላም አሉኝ፤ እኔም እንደ ወጌ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። ድምፁ ጠፋ። አዛውንቱ አለፉ፣ ተቀመጥሁ፣ ድምፁ ተመለሰ። ናስራ ከኋላዬ ሆና፣ «ጋሼ፣ ወላሂ እርስዎ ሲነሡ ዝም ይላል፣ ሲቀመጡ ይጮኻል፤ እስቲ አንዴ ይነሡ» አለችኝ። ተነሣሁ፤ ዝም አለ። ተቀመጥሁ፤ ጮኸ። ከኋላችን ያሉት ሾፌሮች «ያላ! ያላ!» እስኪሉን ድረስ አምስት ጊዜ ለማንም ያልሆነ ሰላምታ ሰጠሁ።

ምክንያቱን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ለአንባቢ ስል ግን ልድፈር። መሪ ጨብጦ የተቀመጠ ሰው ለአክብሮት ብድግ ሲል ኃይሉን የሚያገኘው ከግራ እግሩ ነው፤ ከግራ እግሬ ሥር ደግሞ የፍሪሲዮኑ ፔዳል አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ የተበላው የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የፊት ኩሽኔታ መዞሩን ያቆምና ዝም ይላል፤ ሲለቀቅ ይዞራል፣ ይጮኻል። እኔም ታላቄ ቆሞ እኔ እንዳልቀመጥ ሆኜ ስላደግሁ፣ በስድስቱም ጉብኝት እርስዎ ቆመው ባዳመጡ ቁጥር ጎንበስ ብዬ፣ አናቴን ከጣሪያው አስደግፌ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጬ ነበር የምጠብቀው። ሌሎች ታላላቆቻችን እንዲህ ሲያዩ «በእግዚአብሔር፣ አትነሣ!» ይላሉ። ከእርስዎ ግን በስድስቱ ቀናት አንድም ጊዜ ይህን ቃል አልሰማሁም፤ ምናልባት የሙያው ደንብ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። አንዲት «ተቀመጥ» ብቻ መኪናዬን ከነበሽታዋ ታሳይዎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ይህን ድምፅ ከማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ ከሙሽራ አባቶችና ከኮሚቴ አባላት አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም። የሚሰሙት የማልነሣላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ስለዚህ ጥፋቱን በአንድነት እንካፈለዋለን።

ክቡር ኡስታ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ገታ ላድርገው። ዓርብ ዕለት በሰው ፊት አፈርሁ። ኤደን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከጎኔ ተቀምጣ፣ ከኋላ ያለችውን ሙሽራ እየዞረች ስታይ ቆይታ፣ የእሷ ቀን ሲደርስ የምነዳው እኔው እንድሆን ቃል አስገብታኛለች። የሙሽራ አባት ቤቱ ሆኖ ይመርቃል እንጂ አይነዳም የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን መርቄ እነዳለሁ። የተበላ ኩሽኔታ ሙሽራ እንደማይመርጥና ድልድይ መሐል ሊሰበር እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የድምፁን ነገር የነገርሁዎ ለማማረር ሳይሆን ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ በሾፌሩ ወንበር ላይ ራስዎ ተቀምጠው፣ እግርዎን ከፔዳሉ አንሥተው ያዳምጡልኝና ኩሽኔታውን ይቀይሩልኝ። ከዚያም በመጪው ዓርብ ስብሰባ፣ ስለ ጆሮዬ በተናገሩበት በዚያው ከፍ ባለ ድምፅ ስለ ካምቢዮዬ ይናገሩልኝ።

ጥበብዎ እንዲሰፋ፣ ጋራዥዎ ሰው እንዳያጣ፣ ወገብዎም ዝቅ ብሎ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንዲታዘዝልዎ ዘወትር የምጸልይ፣

በጆሮውም በእግሩም አክባሪዎ፣
ወልደሥላሴ፣ የአርባ ሦስት ሙሽሮች ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጋራዥዎ በር ላይ እገኛለሁ። ቆመው ሰላም ሲሉኝ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ተደላድዬ እመልስልዎታለሁ። ያዩን ሰዎች ወልደሥላሴ በስተርጅና ባለጌ ሆነ ቢሉ፣ ምርመራ ላይ መሆናችንን እንዲያስረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።