ከወደቅክ በኋላ ያደረጉልህ ሄልሜት

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ሁለት ወር ሞላን። አርባህን አወጣን፣ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል እያልኩ የማበሽቅህ ያ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ትናንት ተሠራ። የሥራ ጓደኛህ ከድር ነው መጥቶ የሠራው። ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ የነገረኝን ከሰማሁ ወዲህ ግን እህል አልወርድልኝ ብሏል።

ለቅሶህ ላይ የምትሠሩበት ሕንፃ ፎርማን ድንኳን ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሄልሜት አድርገህ እንደነበር፣ ቀንህ ደርሶ እንጂ የጎደለብህ ነገር እንዳልነበረ ነገረኝ። እኔ ሞኟ እጁን ይዤ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ንፍሮዬንም ዘግኖ በላ። አሁን እጁን የያዝኩበት እጄ ይቀፈኛል።

ለካ ሄልሜቶቹ ስቶር ተቆልፎባቸው ነው የሚኖሩት። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ይታደላሉ፣ ሲሄድ ይሰበሰባሉ። አንተም ታውቅ ነበር። ሄልሜት አድርግ እያልኩ ስጨቀጭቅህ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ በዚህስ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ያን ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቧንቧ ማውረጃውን ቀዳዳ በስስ የችፑድ ጣውላ ሸፍነውት፣ አንተ ቧንቧ ተሸክመህ ረገጥከው።

ፖሊስ ሳይደርስ ፎርማኑ ስቶር አስከፍቶ አዲስ ሄልሜት አመጣ። ከድር ቆሞ አይቷል። በቁምህ የነፈጉህን ለሬሳህ አደረጉልህ። የሞተ ሰው አንገት ቀና አድርጎ ማሰሪያ የሚያስር እጅ እንዴት ያለ እጅ ነው?

እኔንስ ምን ነካኝ? ሆስፒታል ልብስህን በፌስታል ሲሰጡኝ ያ ለሥራ የምታደርገው ጠርዙ የነተበ ኮፍያህ ደም እንደነከረው፣ ሱሪህ ኪስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ነበር። ራስ ላይ የነበረ ኮፍያ ኪስ ምን ወሰደው ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ ወረቀት ላከብኝ። የደህንነት ዕቃ ተሟልቶልህ በራስህ ግዴለሽነት እንደሞትክ እንድፈርምለት ነው የሚፈልገው። አልፈርምም። ከድር ሥራውን እንደሚያጣ እያወቀ እመሰክራለሁ ብሎኛል፣ ነገ አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።

ኮፍያህን ልነክረው ሁለቴ ውኃ ቀድቼ ነበር፤ ጠረንህ አለበትና አልጨከንኩም። እንኳንም አላጠብኩት። ነገ እንዳለ የፖሊሶቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ልጃችንም አድጎ አባቴ ሲሞት ራሱ ላይ ምን ነበር ቢለኝ፣ እኔ የገዛሁለት ኮፍያ ነበር እለዋለሁ።

አስቴርህ