መርዶዬን ቀድመው ላደረሱልኝ ክቡር ዳይሬክተር

ሽብርን ለሚከላከለውና ስልክ ለሚያዳምጠው መሥሪያ ቤት
ለክቡር ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና እመኛለሁ። ልጆች እንዳሉዎት አላውቅም፤ እርስዎ ስለ እኔ የሚያውቁትን ያህል እኔ ስለ እርስዎ እንዳውቅ ሕጉ አይፈቅድልኝም። ካሉዎት ግን ሲደውሉልዎ ድምፃቸው ሁልጊዜ ደህና ይሁን። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ፈረንሳይኛዬ ለገበያና ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር ስለማይበቃ ነው። ደግሞም ጎበዝ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዳለዎት አውቃለሁ፤ እኔ ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ሥራ አላበዛበትም።

ስሜ ሕብስት ወልደሥላሴ ይባላል። ጄኔቭ፣ ሻትሌን እኖራለሁ፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ልጄ ኅሩይ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን በሚገኝ የዕቃ መጋዘን ይሠራ ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሥራ ላይ ሳለ ወደቀና ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በአምቡላንሱ ውስጥ አብሮት የነበረው የሥራ ባልደረባውና ጓደኛው እንድሪያስ ነው።

ጠላትዎ አይደለሁም። ይህ የሽብር መከላከያ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ የድምፅ ወረቀቱን «አዎ» ብዬ ነው ፖስታ ውስጥ የከተትኩት። ትራም እሳፈራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ቦምብ እንዲፈነዳ አልፈልግም። ኅሩይ ግን «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሁሉ ዘመድሽ ይመስልሻል» ብሎ ስቆብኝ ነበር። እንግዲህ ቅሬታዬን ለሕጉ ድምፅ እንደሰጠ ሰው ቅሬታ ይቀበሉልኝ።

አንደኛ። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰዎች ተጠራርተው ይመካከራሉ፣ ሐዘኑ የሚነካው ሰው እንዳይሰማ ይደብቃሉ፣ ከዚያ በማለዳ ከቤቱ ሳይወጣ ተሰብስበው ይመጣሉ። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ውኃ የሚያቀርብለት ሰው አይጠፋም። ይህ መርዶ ይባላል። እንድሪያስም ሆስፒታሉን «እናቱን እኛ እንነግራታለን» ብሎ ለመነና እዚሁ ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ለሚኖሩት ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ሙሉነህ ደወለላቸው። ያን ስልክ መሥሪያ ቤትዎ ያዳምጠው ነበር። እናንተ የጠረጠራችሁት አንድ የመጋዘኑ ሠራተኛ ባትሪው ሲያልቅበት የእንድሪያስን ስልክ ይዋስ ነበርና ነው። ለማዳመጡ ዳኛ ፈቅዷል ተብያለሁ፤ ዕድሜ ይስጠው።

የተባባሉትን ለምርመራ በተጠራሁ ጊዜ አነበቡልኝ። «ዛሬ ምንም እንዳትሰማ።» «ጎረቤቷ ለተሚካኤል ስልኳን በዘዴ ትያዝባት።» «ጠዋት ሳትወጣ እንድረስባት፤ መኪናውን ከሕንፃው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።» «ጉልበት ያለው ወንድ ይኑር።» ስልኩን ያዳመጠው አስተርጓሚዎ አንዲት ቃል አላሳሳተም፤ አመሰግነዋለሁ። ከእነዚህ ቃላት በፊት ግን፣ በዚያው ስልክ፣ እንድሪያስ የልጄን አሟሟት ለአቶ ሙሉነህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግሯቸው ነበር። ያ ክፍል የት አለ ብዬ ስጠይቅ የግል ጉዳይ ስለሆነ በሕጉ መሠረት ከጽሑፉ ወጥቷል አሉኝ። የግል ሕይወታችንን ይህን ያህል ስለሚያከብሩልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሞቱን አውጥተው ሹክሹክታውን ለአለቆች ላኩት። መርማሪው «ለምን ደበቁዎት?» አለኝ። «ስለሚወዱኝ» አልኩት። ጻፈውና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገበት።

ሁለተኛ። በማግስቱ ማለዳ ጥቁር የለበሱት ወዳጆቼ፣ ሌሊቱን ከዙሪክ የመጣው እንድሪያስም ጭምር፣ ከሕንፃው በር ሲደርሱ ፖሊሶች አስቆሟቸው። አንድ ወጣት ፖሊስ ወደ እኔ ወጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን ምንጣፌ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። እነዚህን ሰዎች አውቃቸው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አውቃቸዋለሁ አልኩት። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ልጅዎ ሞቷል ይላሉ። ሊያረጋግጡልን ይችላሉ?»

ክቡር ሆይ፣ ስወድቅ ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ያን ጊዜ ታች እጃቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። እኔ የያዝኩት የበሩን እጀታ ነው። ሰዎቼ ሐሰት ይናገሩ እንደሆነ ከእናትየው ለማጣራት ስለተጨነቃችሁ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን አላውቅም።

ሦስተኛ። ሌሎቹ በዚያው ቀን ተለቀቁ። እንድሪያስ ግን በየሳምንቱ ዙሪክ ፖሊስ ጣቢያ እየቀረበ እንዲፈርም፣ ከእኔና በዚያ ጠዋት ከመጡት ሁሉ ጋር ለስድስት ወር በአካልም በስልክም በሰው በኩልም እንዳይገናኝ ታዘዘ። ለዚህ እገዳ ዳኛ አላስፈለገም፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ፊርማ በቃው። እኔ በወረቀቱ ላይ «ጥቃት ሊደርስባት የሚችል ሰው» ተብያለሁ፤ እገዳው ለእኔው ደህንነት ነው አሉ። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። እንድሪያስ ጓደኛውን ሳይቀብር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ጣቢያ ይወስደኛል፣ ባቡር እሳፈራለሁ፣ ዙሪክ እወርዳለሁ፣ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አልትሽቴተን ጣቢያ ላይ እንድሪያስን አገኘሁት። ዳቦ ይዞ ነበር። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ራሱን ነቀነቀ፤ ሕጉን ቢያፈርስ እስራት አለበት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና ወደ ኋላ እያየ ሄደ። እኔም እንዳላስይዘው ብዬ አልተከተልኩትም። ተጠቂዋ እኔ፣ ከአደጋም ያዳናችሁኝ ከዚህ ልጅ ነው።

አራተኛው አጭር ነው። ከዚያ ጠዋት ወዲህ በእድራችን ሰው በስልክ የሚያወራው ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሆኗል። በቅርቡ አበባየሁ የምትባል እህታችን ወንድሟ አገር ቤት ሞተባት፤ ሰዎች ለመጠራራት ፈርተው ሲያመነቱ እሷ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ከፌስቡክ ላይ አነበበችው። ሥራዎ የሰውን ፍርሃት መቀነስ መስሎኝ ነበር።

አታዳምጡ አልልም። ክፉ የሚያስበውን አዳምጡት፣ ያዙት። የምለምነው ግን ሰውን ከሰው ከመለየታችሁ በፊት ዳኛ እንዲያየው፣ ያልገባችሁንም ነገር አንድ አዋቂ እንድትጠይቁ ነው። እድራችን በነጻ ያስረዳል። ለእኔ ደግሞ እንድሪያስ አንድ ከሰዓት በኋላ እቤቴ መጥቶ እንዲቀመጥና የልጄን ነገር እንዲነግረኝ ይፍቀዱልኝ። ካላመናችሁን ጠባቂ ላኩ፤ ወንበር አለኝ።

ለደህንነቴ ሲባል ከሐዘንተኞቼ የተለየሁ፣ ግብር ከፋይ፣ ለሕጉ ድምፅ ሰጪ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የሰላም እንቅልፍ የምመኝ፣

ሕብስት ወልደሥላሴ
የኅሩይ እናት
ሻትሌን፣ ጄኔቭ

ማስታወሻ፦ ከጽሑፉ የወጣውን ክፍል ልስማው ብዬ በደብዳቤ ጠይቄ ነበር፤ የሌላ ሰው የግል መረጃ ስለሆነ አይሰጥዎትም የሚል መልስ ደረሰኝ። አቶ ሙሉነህ ያን ጊዜ እያለቀሱ ስለነበር መጨረሻውን አልሰማሁትም ይሉኛል። ስለዚህ ኅሩይ በአምቡላንሱ ውስጥ ስሜን ጠርቶ እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛውን እንዳያናግረኝ ከልክለውታል። ለሁለተኛው ደመወዝ ይከፍሉታል።