አፌ ታፍኖ ሳለ የተነገረብኝ

ለታላቅ ወንድሜ ለአብዱልከሪም፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ዘይቱናስ፣ ልጃችሁ ሀሚዱስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሀምዱሊላህ አለን። እማም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ እንዳልልህ ፊቴ ይመሰክርብኛል።

በድምፅ መልእክትህ መጀመሪያ የጠየቅከው ስለ ባጃጅህ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ያልጠየቅከውን ደግሞ እኔ ልንገርህ።

ታናሻችን ባድሩ ከአርዲቦ በባጃጁ ሲያመጣኝ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይሳሳቅ ነበር። ተው ብለውም አልሰማ አለኝ። ኩርባው ላይ ተገለበጥንና የላይኛው ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ቅንድቤም ተተረተረ። የፊት ደም ጉድ ነው ወንድሜ፤ ቁስሉ ትንሽ፣ ደሙ ግን በግ የታረደ ያስመስላል። ሰው የቡና ዱቄት ሊነሰንስብኝ ሲሯሯጥ፣ ከገበያ ስትመለስ የደረሰችው ጎረቤታችን መቅዲ ቁስል ውስጥ ቡና አይገባም ብላ እጃቸውን መለሰች። ቁጭ አድርጋ ወደ ፊት አጎነበሰችኝ፤ ደሙን እንዳልውጠው፣ እንድተፋው ነገረችኝ። ገና ገዝታው የመጣችውን ነጠላ አጣጥፋ ጠበቅ አድርጋ ያዘችልኝ። ሲርስም ሳታነሳ በላዩ ሌላ ደረበችበት፤ እየገለጡ ማየት ደሙን መልሶ ይቀሰቅሰዋል አለች። ባድሩ ይህን ጊዜ ባጃጁን ያቃና ነበር።

ደንግጦ ነው ብዬ አለፍኩት። ጤና ጣቢያ ግን ትራፊኩ መጥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ባድሩ ዓይን ዓይኔን እያየ መሪውን የቀማችኝ እሷ ናት አለ። አፌ በጨርቅ ታፍኗል። አይደለም ብዬ ራሴን ብወዘውዝ ሐኪሟ ደሙ ይነሳል፣ አትነቃነቂ አለችኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ይኸው አሁን የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ወንድሟን ልትገድል የነበረች ይለኛል።

እማ ቻይው አለችኝ፤ እናት ናት፣ አልፈረድኩባትም። ፍርድ የጠበቅኩት ከአንተ ነበር። አንተም ዝም በይ፣ ባጃጁ ይታሰራል አልከኝ። ከስፌቱ መርፌ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ክሩ ሰኞ ይወጣል። ትራፊኩም አፍሽ ሲከፈትልሽ ነይ ብሎኛል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ፤ የሆነውን እናገራለሁ። ባጃጁ ቢታሰር አትዘንብኝ አልልህም፤ እዘን።

ለዘይቱና ሰላምታዬ ይድረሳት። ሀሚዱን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ወድቆ ፊቱ ቢደማ በንጹህ ጨርቅ ያዙት እንጂ ቡና እንዳትነሰንሱበት። እማ ሰላም ብላሃለች፣ ዱዓዋም አይለይህ። መቅዲም ሰላም ብላሃለች። የባድሩን ሰላምታ አልጻፍኩልህም፤ እሱ በእኔ አፍ እንደተናገረው እኔ በእሱ አፍ አልናገርም።

እህትህ ሰሚሃ
ሐይቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.