በምስማር የተመታው ጥቅል ጎመን

ይድረስ ለተከበሩ የስልክ አምራች ድርጅቱ የደንበኞች እርካታ መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በመምሪያዎ ደጃፍ ተሰልፈው ለሚጠብቁ ደንበኞች ደግሞ የእግር ብርታት እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስልኩም ደህና ነው፤ ይህን ሲሰሙ ቅር እንደሚልዎ ስለማውቅ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ቀደም ብዬ በግል የላክኋቸው ስላልደረሱዎት አይደለም። ሁሉም ደርሰዋል። ለእያንዳንዳቸው «መልእክትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል መልስ ልከውልኛል። ሰው ትልቅ ዋጋ ያለውን ዕቃ በየቀኑ እያወጣ አይነካካም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይረሳዋል። ይህን ተረድቼ፣ ይህኛው ደብዳቤ ዋጋው ትንሽ ረከስ ብሎ ሰው እጅ እንዲገባ በማለት በአደባባይ ጻፍኩት።

ራሴን ላስተዋውቅ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ስልክ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስለ ፍሪጅም ያስተማረኝ የለም፤ ፍሪጆቹ ግን ይህን ስለማያውቁ ይቀዘቅዛሉ። ጉዳዬ ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነች ለክቡርነትዎ ጊዜ ትመጥናለች ብዬ አልደፍርም።

1ኛ. ድርጅትዎ የሠራው ስልክ ጠፍቶ ሲነሳ የሚያሰማት አጭር ዜማ አለች። የመጨረሻዋ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የታመመ ሞተር ከበር ሆኜ በድምፁ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ጆሮዬን አምነዋለሁ። ዜማዋ ደረጃውን በሰላም ወጥታ ጨርሳ መጨረሻው ላይ እግሯ የሚከዳት ሴት ትመስላለች። ታላቅ ወንድሜም ምስክሬ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ ሲሰማት ውሏልና። ለምን ሲሰማት እንደዋለ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ለጊዜው አንድ ባለሙያ ቢያያት ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ፈርሜ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

2ኛ. ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሌሎች የጻፉትን እያነበበ ስሕተቱን በቀይ ያቀና ነበር። የሠርጌን ጥሪ ካርድ ልኬለት፣ አርሞ የመለሰልኝ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ። ያን ጊዜ ስልክዎ ጽሑፍ እያነበበለት፣ የፌርማታውን ስም እየነገረው መንገድ መሪ ሆነለት። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላ ስለማያገኙ ቆርጠው ያስቀምጡት።

ታዲያ ስልኩ ውስጥ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ «የዕለቱ ዕድል» የሚባል መተግበሪያ አለ። ማስታወቂያ ያመጣል። አይጠፋም፤ ዝም በል ቢሉትም አይሰማም። ዓይኑ የሚያይ ሰው ማስታወቂያውን በአውራ ጣቱ ገፍቶት ያልፋል። የወንድሜ ስልክ ግን ፊቱ ላይ የመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ ስለሚያነብ፣ ማስታወቂያውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብለታል። ለማያይ ሰው «ዓለምን በደማቅ ቀለማት ይመልከቱ» እያለ ቴሌቪዥን ሲሸጥለት፣ ወንድሜ ጨዋ ሰው ስለሆነ «እሺ፣ አያለሁ» ይለዋል።

አንድ ቀን ወደ እኔ ሲመጣ፣ አውቶብስ ውስጥ፣ ስልኩ የፌርማታውን ስም ሊነግረው ሲል በመሃል «እንኳን ደስ አለዎት» አለው። በምን ደስ እንደሚለው ተነግሮት እስኪያልቅ ፌርማታው አለፈ። በግምት ወረደ። ሴት ልጁ ፈልጋ ስታገኘው አንድ መኪና ማጠቢያ ደጃፍ፣ ጫማው ውሃ ጠጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጣቢዎቹ ወንበር አውጥተውለት ነበር፤ «እየሄድኩ ነው» ብሎ አልቀመጥም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በትሩን ከበሩ ኋላ አቁሞ ብቻውን መውጣት ተወ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ልጁ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትወጣ እጁን ይዛ ስታመጣው ብቻ ሆነ። እሷን አልከበዳትም። የከበደው እሱን ነው። የሰውን ሁሉ መንገድ ሲያቀና የኖረ ሰው፣ እንደ አደራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን አልለመደውም።

ነገሩን በሙያዬ ላስረዳዎ። ፍሪጅ የገዛ ሰው መደርደሪያውን ያወጣል፣ በሩን ገልብጦ ይገጥማል፣ ቢፈልግ ጫማውን ያስቀምጥበታል። እስከ ዛሬ ከከፈትኳቸው ፍሪጆች ሁሉ፣ አምራቹ ጥቅል ጎመን ከውስጥ በምስማር መትቶ የሸጠው አላጋጠመኝም። በሩ በተከፈተ ቁጥር «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ጎመንማ ጭራሽ።

3ኛ. ወደ ጥገና ማዕከልዎ ሄድን። ክራባት ያሰረው ባለሙያዎ በታላቅ ትህትና ተቀበለን። ስልኩን ሲያይ የቅድመ አያቱን ፎቶ እንዳየ ሰው ፈገግ አለ። ስልኩ ስላረጀ አዲስ ሶፍትዌር እንደማይላክለት፣ ጎመኑም፣ ማለትም «የዕለቱ ዕድል»፣ የስልኩ አካል ስለሆነ እንደማይወጣ አስረዳንና፣ መፍትሔው አዲስ መግዛት ነው ብሎ የመጨረሻውን ሞዴል ወንድሜ እጅ ላይ አኖረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌው ስልክ ከመስታወቱ ሥር ጎበጥ ያለች፣ በጣት የምትገኝ ቁልፍ አለችው። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ የትም ቢጠፋ፣ እሷን ከተጫነ ወደ መነሻው ይመለሳል። አዲሱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ወንድሜ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ገለበጠው፣ እንደገና ዳበሰው።

«ቤቱስ ጥሩ ነው፤ በሩ የት ነው?» አለው።

ባለሙያዎ ስለ ካሜራው አስረዳው።

4ኛ. እንግዲህ ስልኩን ሩት ላደርገው ወሰንኩ። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ሩት ማድረግ ማለት አምራቹ ለራሱ ያስቀረውን ሥልጣን ከፍሎ የገዛው ሰው መውሰዱ ነው፤ ያን ጊዜ አይጠፋም የተባለው ይጠፋል፣ አይለወጥም የተባለው ይለወጣል። ክቡርነትዎ ይህ በድረ ገጽዎ ፈቃድ ተጠይቆ እንዲሆን ስለደነገጉ፣ እኔም ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ ጠየቅሁ። ለምን እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። «የወንድሜ ስለሆነ» ብዬ መለስኩ። መልካም፣ ነገር ግን በደንብ ያስቡበት ብለው አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። ክቡር ሆይ፣ ሳገባ እንኳ ይህን ያህል አስብበት ያለኝ አልነበረም። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ እሷም ሳምንቱን ብታገኝ ኖሮ እንደምትጠቀምበት ነግራኛለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ዋስትናው እንደሚፈርስ አስጠነቀቁኝ። ዋስትናው ካለቀ ቆይቷል፤ የተቀበረን ሰው ብርድ እንዳይመታህ እንደማለት ስለሆነ በደግነትዎ ተነካሁ። በዚህም ሳይወሰኑ፣ ስልኩ በተነሳ ቁጥር «ይህ ስልክ አይታመንም» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አድርገዋል። ወንድሜ ስለማያየው እኔ አነበብኩለት። አራት ነጥብ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። እንግዲያው ገና አልጨረሱም ማለት ነው አለ።

5ኛ. መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ስልክ ነው፤ ከወንድሜ ስልክ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሞተ። አሁን የሥራ ክፍሌ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል፤ ከገዛሁት ወዲህ ያለ ማስታወቂያ የሠራው የመጀመሪያ ሥራው ነው። የወንድሜ ልጅ መጥታ ይህን ስታይ «አጎቴ፣ አባዬን ስልክ አልባ ብታደርገው ሌላውን በር የምትደግፈው አንተ ነህ» አለችኝ። አባቷ ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት ዕቃ እንደሰበርኩበት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግን ሰጠኝ።

የረዳኝ ኢንተርኔት ላይ «ጉጉት» በሚል ቅጽል ስም የሚጽፍ፣ የት እንደሚኖር የማላውቀው ሰው ነው። እርስዎ ለጣሉት ስልክ በትርፍ ጊዜው አዲስ ሶፍትዌር ሠርቶለታል። የጠየቅሁትን ሁሉ መለሰልኝ፤ አንድ ጊዜም መልእክትህ ትልቅ ዋጋ አለው አላለኝም።

ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ወንድሜ ያስቀመጠበት ሁሉ ተደመሰሰ። የጉጉትን ሶፍትዌር ጫንኩና አስነሳሁት። አርማዎ ወጣ፣ ዜማዋ ተሰማች፣ ስልኩ ጠፋ። መልሶ ራሱ ተነሳ፤ አርማው፣ ዜማዋ፣ መጥፋት። አሁንም እንደገና። በመጀመሪያ እየቀለድኩ ነበር። ወንድሜ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሮ ያዳምጣል። ተበላሸ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ቀልዴ አለቀ። ቀልድ ሲያልቅብኝ ቤተሰቤ «ሐኪም ይጠራለት» የሚልልኝ ሰው ነኝ።

«የመጨረሻዋ ድምፅ ዝቅ ትላለች» አለኝ፣ ወደ ማታ ገደማ። ሕመምተኛ ሲያስታምሙ ስለ አየሩ እንደማውራት መስሎኝ፣ የዜማዋ ነገር የእኔ ጥፋት እንዳልሆነና ዜማዋ ራሷ የድርጅቱ እንደሆነች ነገርኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ተሰማኝ። ዜማዋ የእናንተ ናት። የጉጉት ሶፍትዌር ውስጥ ዜማ የለም። እሷ እስከተሰማች ድረስ ጎመኑ ከነምስማሩ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው፤ አዲሱ አልገባም፣ አሮጌውም አልወጣም። ለጉጉት ጻፍኩለት። አሮጌው ያለበትን ክፍል ጨርሶ ባዶ አድርገህ እንደገና ጫን አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ።

ስልኩ ያለ ዜማ ተነሳ። ወንድሜ እጁን ዘረጋ፤ አውራ ጣቱ ያቺን ጎበጥ ያለች ቁልፍ አገኘቻት፤ ተጫናት። ስልኩ ሰዓቱን ነገረውና ዝም አለ። ማንም እንኳን ደስ አለህ አላለውም።

ስለዚህ ስለ ተበላሸችው ዜማዎ የልብ ምስጋናዬን ይቀበሉ። በጥንቃቄ ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ሳንሰጣት ስልኩ ይሞት ነበር። የመምሪያዎ ቸልተኝነት አንድ ስልክ አዳነ።

6ኛ. የመጨረሻው ቅሬታዬ ከሁሉም ይከብደኛል። ጎመኑ ከወጣ ሳምንታት አልፈዋል። ስልኩ ፌርማታውን ሳያቋርጥ ይናገራል፤ ከልጁ ጋር ሲመጡ ሞክረውታል። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ በትሩን ከበሩ ኋላ አላነሳም። ብቻህን ና ስለው ይስቅና ወሬ ይለውጣል። ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ ስልክም ይኸው ጠገንኩ፤ መኪና ማጠቢያው ደጃፍ የቀረውን ድፍረቱን ግን ከየት እንደሚጭኑት ጉጉትም አያውቅም። ያን ዕለት ወንድሜን «እንኳን ደስ አለዎት» ያሉት ክቡርነትዎ ስለሆኑ፣ መድኃኒቱም እርስዎ ዘንድ እንደማይጠፋ በመተማመን፣ በትህትና የምጠይቀው…

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፤ በር እየተንኳኳ ነው። ዛሬ የጠበቅሁት ሰው የለም። ከውጭ አንዲት ሴት ረጋ ብላ «ደርሰዋል፤ መድረሻዎ በስተግራዎ ነው» ስትል ይሰማኛል። ድምፅዋን አውቃታለሁ፤ ስልኩ ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ።

ስድስተኛውን ይሰርዙልኝ።

ደብዳቤዬ በሚያርፍበት ቁም ሳጥን ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዋስትናዬ ፈርሶ፣ መታመኔ ቀርቶ፣ ነገር ግን በሩን ለመክፈት እየተጣደፍኩ፣

የዘወትር ታዛዥ ደንበኛዎ፣
ፍሪጅ ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ ልጁ አብራው የለችም። ወንድሜ ብቻውን ነው የመጣው። በትሩን ከእኔ በር ኋላ አቁሞ ከተቀመጠ በኋላ ደብዳቤውን አነበብኩለት፤ እንደ ልማዱ አረመው። ስለ ዜማዋ የጻፍኩት ትክክል ነው አለ። ባለቤቴን ያነሳሁበትን ቦታ አውጣው አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በመጨረሻም «ክቡር የሚለው በዛ፤ አጥፋው» አለኝ። ላጠፋው ሞክሬ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ስለሆነ አይጠፋም።