የጋሽ ተክሌ ዓሣ

ሮማ፣ እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2017

የዛሬው እፍረት እስካሁን አለቀቀኝም።

ትናንት ከጎረቤቴ ከጋሽ ተክሌ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ወዲያ ወዳለው ኩሬ ዓሣ ልናጠምድ ሄደን ነበር። ጣሊያኖቹ ፔርሲኮ የሚሉት ዓሣ ውሃው ላይ ከተኛው ሣር ሥር ያደባል፤ እኛ የፕላስቲክ እንቁራሪት ከላይ እየጎተትን እናባብለዋለን። ውሃው በተንቦጫረቀ ቁጥር ዘንጌን መነጨቅኩት። ሦስቴም እንቁራሪቷ ባዶዋን ተመለሰች።

"አፉን እስኪዘጋባት ታገሥ። ክሩ ሲከብድህ ነው የምትስበው" አሉኝ ጋሽ ተክሌ።

"አውቃለሁ" አልኳቸው፣ ቆጣ ብዬ።

ከዚያ እሳቸው አንድ ትልቅ ያዙ። መንጠቆውን ካወለቁለት በኋላ ዓሣውን አሳቅፈውኝ በስልኬ ፎቶ አነሱኝ። እኔም ፎቶውን ለልጄ ለሊዲያ ላክሁላት፤ ከሥሩም "ያዝኩት" ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ለምሳ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ እሷ ቤት ስገባ ጋሽ ተክሌ ገበታው ላይ ተቀምጠዋል። ለካ እሳቸውንም ጠርታቸው ኖሯል። ገና ከመቀመጤ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ።

"አሎራ፣ እስቲ ንገረኝ ፓፓ፣ ሁልጊዜ ያመልጠኛል ስትል አልነበር? ይሄን እንዴት ያዝከው?"

ጋሽ ተክሌ ዳቦአቸውን እየቆረሱ መለሱላት።

"ታገሠ። ክሩ እስኪከብደው ጠብቆ ሳበው።"

ሊዲያ "ጎበዝ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ጋሽ ተክሌ ቀና ብለው አላዩኝም። እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ኩሬው ዳር አንዴ እንኳ መታገሥ ያቃተኝ ሰውዬ፣ ምሳው እስኪያልቅ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።