ከልብሽ የምትቀድመው ሰዓት

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት መልስ አይመጣም። ይልቅ ትናንት ሲቀላ ሰፈር ሰዓት ልገዛ ሄጄ የገጠመኝን ልንገርሽ። ካንቺ በቀር የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያቺ ትንሿ ሰዓትሽ እጅሽ ላይ እንዳለች መቀበርሽን ታውቂያለሽ? ጎረቤታችን እትዬ ልክነሽ ስትገንዝሽ መፍታቱን ረስታው፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው ደረቷን የመታችው። «ወይኔ ሰዓቷ! ሞልታት እኮ ነው የተኛችው፤ አሁንም እየሠራች ነው!» ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መቃብርሽ ዞረ። ሐኪሙ «ልቧ ነው» ብሎን ነበር። እኛ ግን «ልቡ ሳይቆም የሞተ ማን አለ?» ብለን አለፍነው።

ከዚያ ወዲህ በግራ ጎኔ ጋደም ባልኩ ቁጥር ትራሴ ውስጥ እሰማታለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ጸጥ። ከዚያ ደግሞ ቀጭ። ትራሱን ቀየርኩ፣ ጠበል ረጨሁበት፣ አልሄደችም። እናት ሞታም አታስፈራም ይባላል፤ እኔ ግን ፈራሁሽ እማዬ።

የሰዓትሽ አመል ትዝ ይልሻል? ምዕራብ ዓባያ ሳለን፣ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ሁለት ጣትሽን አንጓሽ ላይ አሳርፈሽ ሰዓትሽን በራስሽ ትርታ ትፈትኛት ነበር። «ዛሬም ከልቤ ቀደመች፤ ቸኳላ!» ትያታለሽ። ያልወሰድሽበት ሰዓት ሠሪ የለም። ሁሉም «ደህና ናት፣ ሲስተር» ብለው ይመልሱልሻል። አንቺ ደግሞ «ልቤን እኔ አውቀዋለሁ» ብለሽ ተቆጥተሽ ትወጫለሽ።

እኔም እንዳንቺ ነርስ ሆኜ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው። በስልክ ትርታ ስቆጥር ሕመምተኛው ቲክቶክ የምመለከት ይመስለዋል ብዬ ሰዓት ሻጩ ሊሻን ሱቅ ገባሁ። ነርስ መሆኔን ስነግረው ሁለት ትንንሽ የሴት ሰዓቶች አወጣልኝ። አዲሶች ናቸው፣ መልካቸው ግን የድሮ፤ ባትሪ የላቸውም፣ እንዳንቺዋ በእጅ ይሞላሉ፤ እዚያው ሞላቸው።

አንዷ ነጣ ያለች፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ ያላት፣ ሰከንዷ ከታች በትንሽ ክብ ውስጥ ለብቻዋ የምትዞር ናት። ቁርጥ ያንቺን! ግን ያቺ ክብ መብራት በደከመበት ክፍል አትታይም። ሌላዋ ፊቷ ጥቁር፣ ሰከንዷ ረጅምና ቀይ ናት፤ ለሥራ ትመቻለች፣ መልኳ ግን ኮስታራ ነው።

«ይሄኛው ቆንጆ ነው፣ ሲስተር። ይሄኛው ደሞ ጠንካራ ነው» አለኝ ሊሻን።

እጄ ወደ ነጯ ሄደ። እንዳንቺው ጣቶቼን አንጓዬ ላይ አድርጌ ፈተንኳት። ከልቤ ቀደመች።

«ይህችን ሰዓት ማን ነክቷታል?»

«ማንም! አሁን አንቺ ፊት አይደል ከካርቶን ያወጣሁት?»

ጥቁሯን አነሳሁ። እሷም ቀደመች። ያቺ የትራሴ ጸጥታ እዚህም መጣች። ከመቃብር ተነስተሽ ሱቅ ድረስ የተከተልሽኝ መሰለኝ፤ ሁለቱንም ወርውሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ሊሻን ከፋው። ሰዓቶቹን መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። «ነይ እዪ! አብረው ነው የሚሄዱት። እኔ የተበላሸ አልሸጥም።»

አየሁ። ሁለቱ ሰከንዶች እኩል ይራመዳሉ፤ አንዷም ከሌላዋ አትቀድምም። ጣቶቼ ግን ገና አንጓዬ ላይ ነበሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ሰዓቶቹ ሄዱ፤ ጣቶቼ ስር ጸጥ አለ። ከዚያ ደግሞ መታ። ሰዓቶቹ አይደሉም የሚቀድሙት፤ ልቤ ነው እየዘለለ የሚቀረው።

ሊሻን ወንበር አቀረበልኝ፣ ውኃም ሰጠኝ። የሰው ልብ ስትቆጥሪ የኖርሽ ሴት የራስሽን ከሰዓት የበለጠ አመንሽው! በጣም ተናደድኩብሽ እማዬ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አለቀስኩልሽም።

ጥቁሯን ገዛሁ። ያንቺን የምትመስለውን ጨክኜ ትቻት ወጣሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል፣ የልብ ምርመራ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ነው። ያንቺንም የልብ ነገር ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ቢያንስ ለእኔ ይጠቅመኛል። ከአፈር ስር ሆነሽ የምታንኳኪ መስሎኝ ስሸሽሽ ከርሜ ነበር። የሚያንኳኳው ለካ የራሴ ደረት ነው። አሁን አልፈራሽም። ስሜን ጠሩ፣ ልግባ።

ልብሽን የወረሰችው ልጅሽ፣
ኑኃሚን